በብርሃን የተሣለው ልጅ

ልጁ ቢሆነኝ ከሞተ ወዲህ ረዳ የሚያማርረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማዳበሪያ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ በሬው ከሳ ብሎ አያውቅም። ጠዋት ይነሣና ከደጁ ካለው ግንድ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ እስከ ቡሬ ጫፍ የተዘረጋውን በቆሎ ሳያየው እያየ፣ «ቻይነሽ፣ ፊቱ ጠፋኝ» ይላል። «የልጅነቱ አለኝ። ንፍጡን ሳይጠርግ ከሞፈሬ ኋላ ሲሮጥ፣ እሱ አልጠፋኝም። ጎረምሳው ነው የጠፋኝ። አገጩ ምን ይመስል ነበር?»

«እንዳንተው ነበር» ትለዋለች ሚስቱ።

ረዳ አገጩን በመዳፉ ይዳብሳል። ሰው የገዛ አገጩን በእጁ ዳብሶ አያውቀውም። መልሶ እጁን ጉልበቱ ላይ ያኖረዋል።

ቻይነሽ ያላወጣችው ነገር ቢኖር፣ እሷንም መጥፋት እንደጀመራት ነው። ድምፁ አለ፤ አረማመዱ አለ፤ ፊቱ ግን ጭጋግ እንደዋጠው ተራራ ነው፤ አለ ብላ ዘወር ስትል የለም። ከሱ በፊት የወለደቻቸው አላደጉላትም፤ እሱ ሲመጣ «ቢሆነኝ» ብላ ስሙን አወጣች፤ ሆነላትም፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ደረሰላት፤ ከዚያ ወዲያ አልሆነም።

የሞተው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ ነው። የመታውን ጥይት አንዱ ከዚህ መጣ ይላል፣ ሌላው ከዚያ፤ የሚያውቅ የለም፣ የሚያውቅ ቢኖርም አይናገርም። ሬሳው በአንሶላ ተጠቅልሎ መጣ። ወንዶቹ እናቱን በሁለት ክንዷ ይዘው «ፊቱን አታይም» አሏት። ለምን እንዳሉ ገባት፤ የገባት ነገር ነው እስከ ዛሬም የሚበላት። ስልኩም፣ መታወቂያውም፣ ከኪሱ የነበረው ሁሉ የለም። ፎቶው ሁሉ ደግሞ ያለው ከስልኩ ውስጥ ነበር። የተማሪ ቤቱ ሰነድም በዚያው ሰሞን ተቃጥሏል። ዛሬ በገጠሩም ቢሆን ሰው ሲሞት ፎቶው በትልቁ ታትሞ ለቅሶው መካከል ይቆማል፤ አልቃሿ ወደ እሱ እየጠቆመች ሙሾ ታወርዳለች። ለቢሆነኝ የቆመለት ሹራቡ ነው። ባዶ ሹራብ በእንጨት ሰቅለው አለቀሱለት፤ ነፋስ ሲመጣ እጅጌው ይወዛወዝ ነበር።

አንድ ቀን ረዳ ከግንዱ ላይ ሆኖ፣ «ያ አዲስ አበባ የሣሉት ሥዕልስ?» አለ።

ቻይነሽ ከእጇ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። እንዴት እስከዛሬ አላሰበችውም?

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ገና ሰላም ሳለ፣ የተማሪ ቤቱ የሳይንስ ክበብ ልጆቹን አዲስ አበባ ወስዶ ትልቁን የሳይንስ ሙዚየም አሳይቷቸው ነበር። ቢሆነኝ ሲመለስ እንቅልፍ አልወስድ ብሎት ነበር የሚያወራ።

«እማ፣ ቤቱ ክብ ነው። እንደኛ ማርያም ክብ። የኛን ማርያም ከነቅጥሯ ብታስገቢበት ቦታ ይተርፋል።»

«ማርያምን አትለካት። ቀጥል።»

«ከውስጡ አንድ ጥቁር ግድግዳ አለ። ፊት ለፊቱ ስትቆሚ ማሽኑ ያይሽና በብርሃን ይሥልሻል። እኔን ሣለኝ! ከዚህ ዋርካ የሚበልጥ አድርጎ!»

«አንተን? ምን ሰጥተህ?»

«ምንም።»

«ከማን እግር ሥር ሣሉህ?»

ቢሆነኝ ሳቀ። «ከማንም እግር ሥር አይደለም፣ እማ። ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻህን! በስመ አብ! ይኸማ ኩራት ነው። አንድ መልአክ እንኳ ከጎንህ የለም?»

እናትየው እንዲህ ማለቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ አገር የቤተ ክርስቲያኑን መቅደስ ሥዕል ያሣለ ሰው፣ እሱም ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይሣላል፤ ስሙም ይጻፍለታል። የቻይነሽ ቅድመ አያት ከእመቤታችን እግር ሥር በነጭ ኩታ ተደፍተው አሉ። እሷ ሳትወለድ ነው የሞቱት፤ ጢማቸውን ግን ታውቀዋለች፣ ትልቅ ጆሯቸውን ታውቀዋለች። በዓል በመጣ ቁጥር ተሳልማቸው ትመለሳለች። ትልቅ ቤት ግድግዳ ላይ የተሣለ ሰው አይጠፋም፤ ግድግዳ የሚሣልበትስ ለዚህ አይደል? ቢሆነኝም «ሣለኝ» አለ እንጂ «ጠፋ» አላለም። ለሱ የታወቀ ነገር ስለሆነ ይሆናል፤ ለናቱ ግን ማንም አልነገራትም።

«ሂጂ» አላት ረዳ። «እኔ ወንድ ነኝ፤ ከዚያ መንገድ ላይ ወንድ ሲያዩ ከየት መጣህ፣ የማን ነህ ነው። ሴት ያሳልፏታል። ሂጂና እይልኝ። አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

መንገዱ ተከፈተ ሲባል ሄደች። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ደምበጫ፤ ደምበጫ ላይ መኪናው ቆሞ ዋለ፣ አደረም። ከጎኗ የተቀመጠች ሴትዮ በሶ እየጨበጠች፣ «ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጅ?» አለቻት።

«ልጄን ልጠይቅ።»

«እሰይ! ሥራ ያዘልሽ?»

«አይ፣ እንዲሁ ቆሟል።»

«የዛሬ ልጅ እንዲሁ ነው። የኔውም ቆሞ ነው የሚውል» አለችና በሶውን ከፍላ ሰጠቻት።

አዲስ አበባ የተቀበለቻት የእኅቷ ልጅ ሳሌም ናት። ነርስነት ትማራለች፤ ፀጉሯን በአጭሩ ተቆርጣለች። አክስቷን ስታቅፍ አለቀሰች፤ ቀጥላ እንባዋን ጠርጋ፣ «የት ልውሰድዎት አክስቴ? እንጦጦ ማርያም? መርካቶ?» አለች።

«ያ ክቡ ሙዚየም አለ አሉ። የሳይንሱ።»

«ሳይንስ ሙዚየም?» ሳሌም ሳቋ መጣ። «ኧረ አክስቴ፣ ፋሽን ሆኑ! ከየት ሰሙት?»

«ሰማሁታ።»

ቻይነሽ ከዚህ በላይ አልተናገረችም። የልብን ነገር በአደባባይ ማስጣት ከአገሯ ነውር ነው፤ ደግሞም ሳሌም ብትሰማ «ይቅርብዎ» ትላለች ብላ ፈራች።

ቤቱ እውነትም ክብ ነው። ከሜዳው ላይ እንደ ነጭ ቀለበት ተቀምጧል። ቻይነሽ ከሩቅ አይታው ቆመች፤ ነጠላዋን አመሳቅላ አጣፋች፤ ሦስት ጊዜ አማተበች። ከደረጃው ግርጌ ሲደርሱ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ቀጥላም ወደ ግራና ቀኝ እየተመለከተች፣ «የሴቶች መግቢያ በየት ነው?» አለች።

«እዚህ የሴት የወንድ የለም አክስቴ፤ ሁሉም በዚሁ ነው።»

ጥበቃው መጣ። «እናቴ፣ ጫማዎን ያድርጉ እንጂ። መሬቱ ይቀዘቅዛል።»

«የኔ ልጅ፣ ይህን የመሰለ ቤት በጫማ ይረገጣል?»

«ይረገጣል እናቴ። ለሱው ነው የተሠራው።»

ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ሳቁ። ሳሌም ዞር ብላ አየቻቸውና ሳቁን ዋጡት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ለአክስቷ ራሷ ጫማ አደረገችላት። ከዚህ በኋላ እስከ መጨረሻው እጇን አልለቀቀቻትም።

ከውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ቻይነሽ ያየችው በግማሽ ዓይኗ ነው፤ ሌላው ዓይኗ ግድግዳ ለግድግዳ እየሄደ ልጇን ይፈልግ ነበር። ነጭ ሮቦት እየተንሸራተተ መጥቶ «እንኳን ደህና መጡ» ሲላት ግን አላለፈችውም። ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። «እንኳን ደህና ቆየኸኝ። ደህና ነህ? ቤቱ ደህና? ሰፈሩ ሰላም ነው?» ሕፃናት ከበው ተንጫጩ።

«አክስቴ፣ ማሽን እኮ ነው።»

«ይሁናሳ። የእግዜር ሰላምታ የሰጠኝን ዝም ልለው?»

ከአንድ ክፍል የሰው ገላ በብርሃን ተሠርቶ በአየር ላይ ይዞር ነበር። ቆዳው ግልጥ ብሎ፣ ልቡ ሲመታ፣ ደሙ በሺህ ቀጫጭን ቦይ እንደ መስኖ ሲሮጥ ይታያል። እንዲህ ያለ ውበት! ጣት ጫፍ ድረስ፣ ዐይን ቆብ ድረስ፣ ያልተዳረሰ ቦታ የለም። ቻይነሽ ቀረብ ብላ አየችው። «ሰው ውስጡ ይህ ሁሉ ነው?» አለች ለራሷ። «ይህ ሁሉ ተለፍቶበት… ባንዲት ፍሬ ብረት?» ሳሌም ሰማች፤ ይዛት ወጣች።

ከክቡ ጎን እንደ እንቁላል ጉልላት ያለ ሌላ ቤት አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተጋደመ፤ መብራቱ ጠፋ፤ በቀትር ሰማይ ወጣ። ኮከብ በኮከብ ላይ፣ ገና ከላም ጡት እንደሚወጣ ወተት ፈሰሰ። ሕዝቡ ሁሉ ባንድ ድምፅ «ውይ!» አለ። ቻይነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች፤ እንባዋ የደስታ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ያህል ኮከብ ሰብስቦ ያኖረ ቤት አንድ ልጅ ፊት አያጣም አለች በልቧ። ከሞተ ወዲህ ልቧ እንዲህ ሞቅ ብሎላት አያውቅም።

ጥቁሩ ግድግዳ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጆች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ ከፊቱ ሲቆም ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይነሣል፤ እንደ ንብ መንጋ ይሰበሰብና ግንባር ይሆናል፣ አፍንጫ ይሆናል፣ ሳቅ ይሆናል። ከዋርካ የሚበልጥ ፊት። ቢሆነኝ አልዋሸም። ቻይነሽ ተራዋን አልጠበቀችም፤ በጎን አልፋ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ከኋላውም ሌላ ግድግዳ ይኖራል ብላ ዞረች። የለም።

አስጎብኚው ክንፈሚካኤል የሚባል ለጋ ወጣት ነው። «እናቴ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?»

«የቆዩቱ የት ናቸው፣ የኔ ጌታ?»

«የትኞቹ?»

«የቆዩት ሥዕሎች። መንገድ ሳይዘጋ፣ ከቡሬ ተማሪዎች መጥተው የተሣሉት። አንዱ የኔ ነው። ቢሆነኝ ረዳ ይባላል።»

ሳሌም የአክስቷን ፊት አየች። ለምን እንደመጣች ያኔ ነው የገባት።

ክንፈሚካኤል አንገቱን አከከ። «እናቴ… እዚህ አይቀመጥም እኮ። ሰው ሲቆም ይሥላል፤ ሰው ሲሄድ ይጠፋል።»

«ማነው የሚያጠፋው?»

«ማንም። ራሱ ነው።»

«የጠፋውስ የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። ከመጀመሪያውም… ብርሃን ነው።»

«እስቲ ልየው፣ እንዴት ሆኖ እንደሚጠፋ» አለች ቻይነሽ። ሕፃናቱ ቦታ ለቀቁላት። ቆመች። ነጠብጣቡ ተሰበሰበ፤ የነጠላዋ ጥለት፣ ግንባሯ ላይ ያለው ንቅሳት፣ ከአፏ ዳርና ዳር የወረደው መስመር፣ ሁሉ ወጣ። ትልቅ፣ ሰማያዊ፣ ያዘነች ሴት ከላይ ቁልቁል አየቻት። ቻይነሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሴትዮዋ ከግንባሯ ጀምራ ፈረሰች፤ ዓይኗ ሄደ፣ አፍንጫዋ ሄደ፣ አገጯ ለአፍታ ብቻውን ቀርቶ እሱም ተበተነ። ግድግዳው ጥቁር ሆነ።

«እንዲህ ነው የሄደው» አለች።

«ይቅርታ እናቴ» አለ ክንፈሚካኤል። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«አንተ ምን አደረግህ ልጄ።»

ስትመለስ እውነቱን ለረዳ እንዴት እንደምትነግረው መንገዱን ሙሉ ስታሰላስል ነበር። ዓባይ በረሃ ላይ አንድ አነጋገር አገኘች፤ ደምበጫ ላይ ጣለችው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ሌላ አገኘች። ቡሬ ስትወርድ ግን ረዳ አስፋልቱ ዳር ቆሞ አየችው። ከግንዱ ተነሥቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ የታጠበ ጋቢ ለብሶ። ከለቅሶው ወዲህ ከደጁ ርቆ አያውቅም።

«አየሽው?» አላት፤ ሰላምታም አላስቀደመ።

«አየሁት።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው።

«ትልቅ ነው?»

«ከዋርካው ይበልጣል።»

«ይስቃል?»

«ይስቃል።»

«አገጩስ? አገጩ እንዴት ነው ቻይነሽ?»

«ቀጠን ብሎ ወደ ፊት ወጣ ያለ… ከመካከሉ ሰርጎድ ያለ» አለች። ይህ አገጭ የማን እንደሆነ አታውቅም፤ ብቻ መጣላት።

«አዎን! አዎን፣ እሱ ነው!» አለ ረዳ፤ ከሕዝብ መካከልም አለቀሰ።

በማግሥቱ በሬዎቹን ጠምዶ ወጣ። ማታ ከእርሻ ሲገባ ደግሞ ይጠይቃታል፤ ምን ለብሷል፣ ጥርሱ ይታያል፣ ወዴት ያያል። ትነግረዋለች። ስትነግረው እያማረ ይሄዳል። እሷ ግን ማለዳ ለብቻዋ ስትሆን የገዛ ልጇን ፊት ትጠራለች፤ የሚመጣላት አገጩ የሰረጎደው ነው። እውነተኛው አልመለስ አላት።

ወሬው ጅረቱን ተሻግሮ ወይኒቱ ዘንድ ደረሰ። የወይኒቱ ልጅ ተስፋው ከቢሆነኝ ጋራ አዲስ አበባ ከሄዱት ተማሪዎች አንዱ ነው። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ አንድ ቀን ከቤት ወጣ፤ ሞተ የሚል የለም፣ አለ የሚል የለም። ወይኒቱ መጣችና ከግንዱ ጎን ከመሬት ቁጭ አለች።

«የኔንስ አየሽልኝ? ባንድ ቀን አይደል የተሣሉት?»

ቻይነሽ ዓይኗን ሰበረች። «ሰው ብዙ ነው እቴ። ልብ አላልሁም።»

«ልብ አላልሁም? ከጎኑ ይሆናል እኮ፤ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነበሩ።» ወይኒቱ አልተቆጣችም። ጥቂት አሰበች። «እንግዲያው ራሴ ሄጄ አየዋለሁ። በጌን በገንዘብ ለውጫለሁ። ሰኞ መኪና ይወጣል ብለዋል።»

መንገዱ በዚያ ሰሞን ብሶበት ነበር። የወጣ መኪና ሁሉ አይገባም። ቻይነሽ የወይኒቱን እጅ ያዘች።

«አትሂጂ።»

«ለምን?»

«ምንም የለም። ሥዕል የለም። ሰው ሲቆም ይሥለዋል፣ ሲሄድ ይጠፋል። የኔም የለም፤ ያንችም የለም። ዋሽቼ ነው፤ ቢሆነኝን አላየሁትም።»

ወይኒቱ ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀች። «ያንችን አይተሽ፣ የኔን ልታስቀሪብኝ?»

«በማርያም ስም!»

«ማርያምን አታንሽብኝ! የቢሆነኝ ፊት እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ስትይ አገር ሰምቷል። አገጩን ሳይቀር። ያላዩት ነገር እንዲህ ይወራል?»

ቻይነሽ ዞራ ባሏን አየችው። ረዳ ከበሩ ቆሞ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ አመድ መስሏል። ለረጅም ጊዜ ሚስቱን አያት፤ እንደማያውቃት ሰው።

«አይታዋለች» አለ ለወይኒቱ።

«ረዳ…»

«አይታዋለች!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ለመንገዱ ፈርታልሽ ነው እንዲህ የምትል። ይስቃል ብላኛለች። ሂጂ ወይኒቱ። ሂጂና ያንችንም እይ፤ የኔንም ደግመሽ እይልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ቻይነሽ አስፋልቱ ዳር ወጣች። ወይኒቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስንቋን በጨርቅ ቋጥራ ቆማለች። ቻይነሽ ለመነቻት፤ እግሯ ላይ ወደቀች። መንገደኛው አየና ዘመድ የሚሸኝ መስሎት አለፈ። መኪናው መጣ። ወይኒቱ ጎንበስ ብላ አነሣቻትና ጉንጯን ሳመቻት፤ ይቅር እንዳለቻት ሰው። ከዚያ ገባች። መኪናው ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው ቁልቁለት ወርዶ፣ ከባሕር ዛፉ ኋላ ገባ።

ቻይነሽ ቤቷ ስትደርስ ረዳ ሞፈሩን ያበጅ ነበር። ቀና አላለም።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«እሰይ» አለ።